ስድስት ክርና ዝርው ልቡና

በኅብረት የሚሠራ ሙዚቃ ሁሉ፥ የጣት ፍጥነትንና የመሣሪያ ጥራትን ከመጠየቁ አስቀድሞ የተሰበሰበ ልቡናን እንደሚጠይቅ ከእኛ ከሙዚቀኞቹ የሚሰወር አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ በደብረ ታቦር፥ የቀን ሥራችንን ፈጽመን ማታ ማታ ለልምምድ በምንሰበሰብበት ክፍል ውስጥ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚጎድለን ይኸው ሆኖ ስላገኘሁት፥ ሐዘኔንም ተስፋዬንም ሳልሸሽግ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

እኔ ክራር እመታለሁ። አብረውኝ የሚጫወቱት ጊታር ያዦች እየተለዋወጡ ብዙ ናቸው፤ በጣታቸው የሰነፉ ጥቂቶች፥ በልባቸው የተበተኑ ግን ብዙዎች ሆነውብኛል። ድምፃዊቷ የምትነሣበትን ቅኝት ገና ስታሰማን፥ ጊታር የያዘው ወንድማችን ትናንት ያጠናውን የሌላ ዜማ ቁራጭ ይደጋግማል፤ ስለ መግቢያው ስንመካከር ጣቱ አያርፍም፤ ዜማው ተጀምሮ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቅኝቱ ምን እንደ ነበረ ይጠይቃል፤ ድምፃዊቷ ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ስትል ያችን ክፍት ቦታ እንደ ርስቱ ይወርሳታል፥ ስትመለስም አይለቅላትም። ያልተሰማ ሲመስለው አምፕሊፋየሩን ከፍ ያደርጋል፤ ድራም መቺውም እንዳይዋጥ በኃይል ይመታል፤ ከዚያ ወዲያ ክራሩ ለእኔ ለራሴም አይሰማኝም። አንዳንድ ማታ መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ ጸጥ ይልና ሁላችንም ሳንወድ በግድ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንቀጥላለን፤ ያን ጊዜ የምንሠራው ዜማ ከሌላው ጊዜ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ማግኘቴ፥ ችግሩ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የመደማመጥ መጥፋት መሆኑን አስረድቶኛል።

ይህን ያህል ማዘኔ ስለ ጩኸቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የቅኝቶቻችን ጠባይ ራሱ ማዳመጥን ግድ ይላል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ስለ ሆኑ፥ አንዱ ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ ብቻ ሳይሆን፥ ዜማው ወጥቶ ወርዶ በሚያርፍበት ቦታ ጭምር ነው። ሙዚቀኞች ትዝታ ማይነር የሚሉትን ቅኝት በጊታር ዶ፥ ሬ፥ ሚ ቤሞል፥ ሶል፥ ላ ቤሞል ብለን ብንደረድረው፥ እነዚያው አምስት ድምፆች አንዳቸውም ሳይለወጡ ዕረፍታቸው ሶል ላይ ሲሆን አምባሰል ይሆናሉ። እንግዲህ ድምፃዊቷ ዶ ላይ ለማረፍ ዜማዋን ቀስ እያደረገች ስታወርድ፥ ጊታሩ ልብ ሳይል በሶል ዙሪያ ቢመላለስ፥ አንድም የተሳሳተ ድምፅ ሳይመታ መንገዷን ያስታታል፤ እርሷም ምን እንደ ነካት ሳታውቅ ትደናገራለች። ይህን ስሕተት የጣት ልምምድ አያርመውም፤ የሚያርመው የነቃ ጆሮ ብቻ ነው።

መቃኘትም እንዲሁ የኅብረት ሥራ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፥ የጉና ብርድ የሚያገኛት ደጋ ናትና፥ በቀዝቃዛው አየር ተሸክመነው የመጣነው ጊታር የሰው ሙቀት ወደ ሞላበት ክፍል ሲገባ የብረት ክሩ እየላላ ድምፁ ይወርዳል፤ የክራሩ ጅማትም እርጥበቱን እየተቀበለ ይለዋወጣል። ስለዚህ መሣሪያው ሁሉ ጥቂት ዐርፎ ከክፍሉ አየር ጋር ከተስማማ በኋላ፥ ሁላችን በአንድ ድምፅ ላይ ተያይዘን እንድንቃኝ፥ በልምምዱም መካከል እየቆምን እንድንመረምር ያስፈልጋል፤ ቤቱ ሳለ ቃኝቶ የመጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ «እኔ ልክ ነኝ» ብሎ ይጀምራል፥ ልክነቱም ለብቻው ይቀራል።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ የሚሆነው አብሮ የማዜም ጥበብ በጸናበት አገር መሆኑ ነው። የድጓ መምህራን የሚመሰከሩበት ምስክር ቤት ቤተ ልሔም በጋይንት ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ምስክር ቤት ዙር አምባም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ምድር ነው፤ የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐናም፥ ሕዝቡ በጨዋታቸው አብዝቶ ቢያነሣቸውም፥ የዜማ ሊቅ ነበሩና፥ የጣናን ማዕበልና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ደንገል ተመልክተው ደረሱት ተብሎ የሚተረከው የማኅሌት አቋቋም፥ በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠርቶ በደብረ ታቦር ጸንቷል። በማኅሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ በቁም ዜማ ድምፅ ብቻውን ይሰማል፤ በዝማሜ መቋሚያው ይከተላል፤ በመረግድ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፋጠናል። ከበሮ የያዘው ሰው የመምታት ጉጉት አንሶት አይደለም ተራው እስኪደርስ እጁን የሚሰበስበው፤ የእርሱ ዝምታ ከምቱ ባላነሰ የአገልግሎቱ ክፍል መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የመቅደሱን ዜማ ወደ ምሽት ቤት እናውርድ ማለቴ አይደለም፤ ሥርዓቱ ግን ለማንኛውም የኅብረት ዜማ ትምህርት የሚሆን ነው።

ወደ ዓለማዊው ዜማ ብንመጣም ምስክሩ ያው ነው። ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው፥ በአንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ የሚጫወተው አዝማሪ ማሲንቆውን ለስለስ አድርጎ ቃሉን እስከ ፍጻሜው ይሰማል፥ ያልሰማውን ሊቀበል አይቻለውምና። ነሐሴ 13 በሚከበረው በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች እንኳ፥ አውጪው ሳይጨርስ ተቀባዩ እንዳይገባ ያለ መምህር ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ ስል ግን ጊታርን ራሱን አልከስም። የፈረንጅ መሣሪያ በአገራችን የተስፋፋው በአብዛኛው በኅብረት ሥርዓት ነበር፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት እንደ አንድ አካል ይነፉ ነበር፤ ከእነርሱም በኋላ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ሙዚቀኞች በመሪ ፊት ቆመው በመጠበቅና በመግባት ሥርዓት አደጉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧሬ መላ መላ»ን የሠራው አይቤክስ፥ በኋላም ሮሃ ተብሎ ብዙ ድምፃውያንን ያጀበው ባንድ፥ የሰላም ሥዩምን ጊታርና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ጊታር ይዞ የሠራውን ያዳመጠ ሁሉ፥ አጭር ሐረግ በቦታዋ ተመላልሳ ስትመጣ ከብዙ ሶሎ የበለጠ ዜማውን እንደምታቆመው ያስተውላል። ጊታር በእነዚህ ሰዎች እጅ ለድምፃዊው ቦታ መተውን ተምሮ ነበር።

የእኛ ዘመን ጊታር ተጫዋች ግን እንዲህ ያለ አብሮ የመማሪያ ጉባኤ አላገኘም፤ በዚህም ምክንያት ቁጣዬ ብዙ ጊዜ ወደ ርኅራኄ ይመለሳል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ያለው ልጅ ከስልኩ መስኮት ለብቻው ይማራል፥ በትጋቱም የሚያስደንቅ ብዙ ነገር ያውቃል። ይሁን እንጂ በስልኩ ውስጥ ያለው መምህር ሊያቆመውና ሊያርመው አይችልም፤ አብሮት የሚጫወተው የተቀዳ ባንድም እርሱ ቢፋጠን ቢዘገይ መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ማንም ሳይጠብቀው፥ እርሱም ማንንም ሳይጠብቅ ያድጋል። የአብነት ተማሪ ግን ቀለሙን ለብቻው ቢያጠናም፥ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ባልንጀሮቹ እየሰሙት ይታረማል፤ ያችን የመታረም ሰዓት የቀመሰ ሰው የሌላውን ድምፅ ከራሱ ድምፅ አስቀድሞ መስማትን ይለምዳል።

የጎደለን ጉባኤ ከሆነ፥ ጉባኤውን ልናቆመው የሚገባን እኛው ነን። ልምምዳችን አንድ መሪ ይኑረው፤ መሪው «ቁሙ» ሲል ሁሉም ይቁም፥ ሰው ሲናገርም እጅ ከክር ላይ ይነሣ። ዜማውን እያንዳንዱ በቤቱ አጥንቶ ይምጣ፥ የኅብረቱ ሰዓት የመገጣጠሚያ እንጂ የማጥኛ ሰዓት አይደለምና። ድምፃዊቷ በለሆሳስ ስታዜም ቃሏ የማይሰማው ሰው ድምፁ እንደ በዛ ይወቅ። ከብዙ ዜማ ጅምር ይልቅ አንዱን ዜማ ከመግቢያው እስከ መዝጊያው አብረን ጀምረን አብረን እንጨርስ፤ ቅኝቱንና ማረፊያውን ሳንጀምር በቃል እንስማማ። የሚሳሳተውንም በሰው ፊት አናዋርደው፤ እንዲደግመው እንጠብቀው እንጂ።

ጊታር የያዛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን የጻፍሁት ከእናንተ ጋር መጫወት ስለ ሰለቸኝ ሳይሆን ስለምሻው ነው። ክራር ብቻውን የማይደርስበት የድምፅ ስፋት በእጃችሁ አለ፤ የእናንተ ትጋት ከዚህ አገር የዜማ ሥርዓት ጋር ቢዋሐድ ደብረ ታቦር የራሷ የሆነ ድምፅ እንደሚኖራት ከልቤ አምናለሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ልምምድ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ዜማው ሲጀመር የመጀመሪያውን አዝማች እጃችሁን ሰብስባችሁ አዳምጡት፥ ድምፃዊቷ የት እንደምታርፍ ለዩ፥ ከዚያም በሁለተኛው ግቡ፤ እኛም እንጠብቃችኋለን።