ከየካ ተራራ እስከ ቦሌ፤ የመሰነባበቻዋ ቀን

አንባቢ ሆይ! ከባልንጀሮችዎ ጋር ያሳለፉት ዕረፍት ሲያልቅ የመጨረሻዋን ቀን እንዴት እንደሚያውሏት አስበው ያውቃሉን? ጥር በመጣ ቍጥር፣ ገናንና ጥምቀትን ከወገኖቻቸው ጋር ያከበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከአዲስ አበባ ወደ ዴንቨር፣ ወደ ካልጋሪ፣ ወደ ስቶክሆልም ይመለሳሉ። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚበሩት አይሮፕላኖች አብዛኛዎቹ ከቦሌ የሚነሡት በሌሊት ስለ ሆነ፣ ለተጓዡ አንድ ሙሉ ቀን ይተርፈዋል። ነገር ግን ብዙ ሰው ይህችን ቀን በሻንጣ ላይ አጎንብሶ ይጨርሳታል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ይመዘናል፤ 23 ኪሎ ካለፈ ይቀነሳል፤ እንደ ገና ይመዘናል። ባልንጀሮቹ ከደጅ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው፤ ሻንጣው በዋዜማው ይዘጋ፣ ቀኗ ለባልንጀሮች ትሰጥ።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ይበቃል። ለቅመማ ቅመሙ በዋዜማው ሾላ ገበያ ይውረዱ። በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ካፖርት ደርበው ወደ የካ ተራራ ይውጡ። መንገዱ በባሕር ዛፍ መካከል ያልፋል፤ ይህ ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለ ነው። ከተራራው ላይ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ጣራው ከወደቀ ቆይቷል፤ ግንቡና ዐምዶቹ ግን እስካሁን ይታያሉ። የአካባቢው ሰው አሠራሩን ከአብርሃና ከአጽብሃ ዘመን ያደርሰዋል፤ የታሪክ ሊቃውንት ደግሞ ከዚያ በብዙ ያሳንሱታል። ክርክሩን ለእነርሱ ትተው ከወዳጆችዎ ጋር ቁጭ ብለው ወደ ከተማው ይመልከቱ።

በዚህ ጊዜ ወሬው ወደ በረዶ መሄዱ አይቀርም። ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ በሚኖሩበት አገር፣ እግራቸውን በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ አስረው ከተራራ ወደ ታች መንሸራተትን ተምረዋል። ስኖውቦርድ የሚባለው ይህ ጨዋታ በ1990 ዓ.ም. በጃፓን ከተማ በናጋኖ ወደ ኦሊምፒክ ገብቷል። ታዲያ «እኛስ ተራራ እያለን በረዶ የታጣው ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ሲሆን፣ በበረዶ ተራሮች አጠገብ ያለችው ዴንቨር ግን 1,609 ሜትር ብቻ ናት። መልሱ ያለው በፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናቷ አትርቅም። ወደ ላይ በወጡ ቍጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ኬክሮስ ውሃ የሚረጋበት ብርድ የሚገኘው ከ4,000 ሜትር እጅግ አልፎ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀን አልፎ አልፎ የሚነጣውም ስለዚህ ነው። እኛ ከተማ ላይ የሚወርደው የክረምቱ ድንጋይ መሳይ በረዶ ነው። ቋንቋችንም ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቷቸዋል።

ይሁንና በረዶ ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት ስሕተት ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ከአዱሊስ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ሰሜንን መውጋቱን ሲናገር፣ ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደ ነበረ ይገልጻል። በዘመናችንም አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በቫንኩቨር በስኪ ሩጫ ተወዳድሮ፣ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በአዲስ አበባም በረዶ ስለሌለ ጎማ በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ቢመለከተው ምን ይገርማል!

ከቀትር በኋላ ወደ መገናኛ ይውረዱ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ በጉርድ ሾላ፣ በሲኤምሲ፣ እስከ አያት ድረስ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል። ወደ ደቡብ ደግሞ እስከ ቦሌ ድረስ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ሥራ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ወጥተዋል። መንገዱ ለእግር የተመቸ ነው፤ ለልብ ግን ሁልጊዜ አይመችም። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣ ሰው «እዚህ ጋ ሱቅ ነበረ፤ እዚያ ጋ የእነ እንቶኔ አጥር ነበረ» እያለ በጣቱ ይጠቁማል፤ በዚያ የቆመው ግን ከፍ ያለ ፎቅ ነው። ትዝታውን የሚመሰክርለት አብሮት ያደገው ባልንጀራው ብቻ ነው። ይህችን ቀን ለሰው እንጂ ለሻንጣ አትስጧት የምንለው ለዚህ ነው። ሽሮ በዴንቨርም ይገኛል፤ «አዎን፣ እዚያ ነበረ» የሚል ምስክር ግን አይሸጥም።

ማምሻውን ከወዳጅ ቤት ቡና ይጠጡ። አቦሉን ብቻ ቀምሰው አይነሡ፤ ቶናውንና በረካውንም ይጠብቁ። እናት በምርቃት ሲያሰናብቱ ሰዓት መመልከት ነውር ነው። ማለት የሚገባዎትን ሁሉ በዚያው ይበሉ፤ ምክንያቱም በቦሌ ሸኚ ከተጓዥ ጋር ወደ ሕንጻው አይገባም፤ ስንብቱ ከመኪና ማቆሚያው ላይ ነው። እዚያ ከሻንጣ፣ ከጋሪና ከጡሩንባ ጋር ሲታገሉ ቁም ነገር መናገር አይቻልም።

ቦሌ የተሠራው የቀድሞው የልደታ ማረፊያ ለጄት አይሮፕላኖች ስላልበቃ ነው፤ በጥር 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች አሰማራ። የከተማይቱ ከፍታ ግን ዛሬም አብራሪዎችን ያስባል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ አይሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል፤ የሚሸከመውም ነዳጅ ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ግን አንድም ቦታ ሳያርፍ በቀጥታ ይገባ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ መሄድ ለአይሮፕላኑም ከባድ ነው፤ መመለስ ግን ቀጥተኛ መንገድ ነው። ባልንጀራዎን ሲሸኙ ይህን ይንገሩት።