አማናውን ይዤ ሐረር ገባሁ



ሰው ሁሉ በልቡ የሚመላለስበት አንድ አገር አለው። አንዱ ኢስታንቡልን ያልማል፣ ሌላው ሰመርቀንድን። መካንና መዲናን የማይናፍቅ ሙስሊም ደግሞ የለም። ከሁለቱ ቅዱሳን ከተሞች ቀጥሎ የእኔ ልብ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲናፍቅ የኖረው ሐረርን ነበር። ይህን ናፍቆት ያወረሱኝ አያቴ ናቸው።

አያቴ የወሎ ገበሬ ነበሩ። በወጣትነታቸው ዒልም ፍለጋ ሐረር ድረስ ሄደው ጥቂት ዓመታት ቀርተዋል። ከዚያ ይዘውት የተመለሱት አንድ ኪታብ ነው፤ በእጅ የተጻፈና በቀይ ቆዳ የተደጎሰ የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ። ማታ ማታ የጁገልን አምስት በሮች በጣቶቼ እያስቆጠሩ ያስጠኑኝ ነበር፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ኪታቡን ገልጠው አንዱን ቅጠል ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩልኛል። በወረቀቱ ውስጥ ሦስት ጨረቃዎች ተደርድረው ይታያሉ።

«አባባ፣ ጨረቃዎቹን ማን ሳላቸው?» እላቸዋለሁ።

«ወረቀቱን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ባሕር ተሻግሮ፣ በግመል ተጭኖ ነው ሐረር የገባው። ወረቀት ይህን ያህል ከተጓዘ ሰው ለዒልም ምን ያህል ሊጓዝ ይገባዋል?» ይሉኛል።

ካደግሁ በኋላ ነገሩን አነበብኩ። ሦስት ጨረቃ ያለበት ወረቀት ኢጣሊያ ውስጥ ተሠርቶ ለሙስሊም አገሮች ገበያ ይላክ የነበረ ነው። በሐረር የእጅ ጽሑፎችም ውስጥ ይገኛል።

የእኛ ቤት ሰዎች በሁለት ነገር እንታወቃለን፤ መንገድ እንወዳለን፣ የያዝነውን አንለቅም። አያቴ ሲሞቱ አባቴ ኪታቡን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ለማንም አላዋሰም፣ ራሱም አልገለጠውም። እንግዳ ሲመጣ «የአባቴ ኪታብ አለ» ብሎ ወደ ሣጥኑ ይጠቁማል። እኛም በዚያ ስንኮራ ኖርን።

አባቴ ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ የወንድሜ ልጅ ታመመ። ለሕክምናው ብዙ ገንዘብ ተጠየቀ። በዚያው ሰሞን አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ኪታቡን በጥሩ ዋጋ እንደሚወስደው ነገረን። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ወደ መሸጡ አዘንብሎ ነበር። ከመስጠታችን በፊት ለመሰናበት ያህል ገለጥኩት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ልጅ ሳለሁ ማንበብ የማልችለው የነበረ የዐረብኛ መስመር አለ። ኪታቡ በጁገል ውስጥ በሚገኝ አንድ መስጂድ ለሚቀሩ ደረሳዎች ወቅፍ መሆኑን ይናገራል።

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ወቅፍ ሲያደርጉ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታም እንዳይሰጥ ሆኖ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። እንግዲህ አባቴ ያልነበረውን ወርሷል፣ እኛም የሰው ንብረት ልንሸጥ ነበር። አያቴ ለማንበብ ተውሰው ይሆን? ለምን ሳይመልሱ ቀሩ? መልሱን ይዘውት ሄደዋል። አላህ ይማራቸው።

መስመሩን ለወንድሜ ሳነብለት ብዙ ዝም አለ። ልጁ በጎን ተኝቶ ያስላል። በመጨረሻ «እንግዲያው የእኛ አይደለም» አለና ነጋዴውን አሰናበተ። ዘመድ አዝማድ አዋጣ፣ ከብትም ተሸጠ፣ ልጁም ታክሞ ዳነ፤ አልሐምዱሊላህ።

ኪታቡን ይዤ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአዋሽን ሙቀት አልፈን የጨርጨርን ተራሮች ወጣን፤ ደንገጎን ተሻግረን ሐረር ገባን። ጁገል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተገነባ የሚነገርለት ግንብ ነው። በውስጡ ያለው ስፍራ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ 82 መስጂዶችና ከ100 በላይ የአውሊያ መካነ መቃብሮች ይቆጠራሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በመኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎቹን መኪናዎች ድምፅ እየሰማሁ ወደ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ገባሁ። አዛን ሲጀምር አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል። በልጅነቴ በጣቶቼ ስቆጥራት የኖርኩት ከተማ በእግሬ ሥር ነበረች።

የመስጂዱ ሽማግሌ ቤታቸው አስገብተው ከነደባው ላይ፣ ከፍ ካለው መደብ አስቀመጡኝ። ጨርቁን ፈታሁ። ወቅፉን አነበቡ፤ ከዚያ አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ልክ እንደ አያቴ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ለምን እንደዘገየ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው፦

«ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ስንት ደረሳ አቀራ?»

የምመልሰው አጣሁ። አያቴ ቀርተውበታል። ከእሳቸው በኋላ አንድም ሰው አልቀራበትም። ምስጥ እንዳይበላው ጠብቀነዋል፣ ሌባ እንዳይወስደው ቆልፈንበታል፤ ወቅፍ የተደረገው ግን ሊቀራበት ነበር። አማና ጠባቂ ነን ስንል ደረሳዎችን ሐቃቸውን ከልክለን ኖረናል። የያዝነውን አለመልቀቃችን ያስመሰግነናል ብዬ አምን ነበር፤ በዚያች ጥያቄ ግን አፈርኩበት።

ሽማግሌው ዝምታዬን አይተው ሻይ ጨመሩልኝ። «የኪታብ ዕድሜ ረጅም ነው፤ ልጅ ካለህ በዕረፍት ጊዜው ላከው፣ እዚህ ይቅራበት» አሉኝ። ትልቁን ልጄን ልልክ ቃል ገባሁ፤ ኢንሻአላህ።

ውድ ወጣቶች! የሩቅ አገር ማለም ነውር የለበትም። ነገር ግን ከመንገዱ በፊት አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። በቤታችሁ የተቆለፈ ሣጥን ካለ ይከፈት፤ በውስጡ ያለው የማን እንደሆነ ይነበብ። የራሳችሁ ከሆነ ቅሩበት፣ የሰው ከሆነም መልሱ። አላህ (ሱ.ወ) አማናን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።