ጦርነት በቆመ ማግሥት በኮርያ

የኮርያ ዘመቻ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የተራሮቹ ውጊያ ነው፤ በዚያ ከ120 በላይ ወንድሞቻችን ወድቀዋልና ይገባል። እኔ ግን የክብር ዘበኛ ቃኘው ሻለቃ ወታደር ሆኜ ከዚያ የደረስሁት ተኩሱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ፥ በ1946 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ የምጽፈው ስለ ሰላሙ ወራት ነው።

ከፑሳን ወደብ በባቡር ወደ ሰሜን ስንጓዝ ያየነው ተራራ የእኛን ደጋ ይመስል ነበር፤ ዛፉ ግን ተቃጥሎ ጕቶው ብቻ ቀርቷል። ሁለቱን ጦሮች የሚለየው ቀጣና ወርዱ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ብርዱን ያላየው ሰው አያምነውም። በ1947 ዓ.ም. ጥምቀትን ስናከብር የወንዙን በረዶ በመጥረቢያ ሰብረን ካህናችን ውሃውን ባረኩት፤ የተረጨነውም ጠበል ከካፖርታችን ላይ ሳይወርድ በረዶ ሆነ።

በዶንግዱቾን የእኛ ሰዎች ለሙት ልጆች ያቋቋሙት ማሳደጊያ ነበረ፤ እኛም ከደመወዛችን እያዋጣን ልጆቹን እናበላ፥ እናለብስ ነበር። አምስት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ እሑድ እሑድ ከበሩ ቆሞ ይጠብቀኛል። ኮርያውያን አባትን «አቦጂ» ይሉታል፤ «አባ» ከምንለው መቀራረቡ ያስገርማል። ያ ልጅ መጀመሪያ በስሜ ይጠራኝ ነበር፤ የበረዶው ወራት ሲያልፍ ግን «አቦጂ» አለኝ።

የመመለሻችን ጊዜ ሲቃረብ ልጁን ይዤው ልሂድ ብዬ አለቃዬን ለመንኋቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ይህ አገር ከሞት የተነሣው ገና ትናንት ነው፤ ልጆቹን ከወሰድንበት ማን ያቀናዋል?» አሉኝ። ቃሉ መረረኝ። ኮርያ ዛሬ ከደረሰችበት ሀብትና ጥበብ ሲታይ ልክ ነበሩ ይባል ይሆናል፤ የእኔ አንደበት ግን እስከ ዛሬ አይደፍረውም። በመጨረሻው እሑድ ጫማ ገዝቼ ወሰድሁለት፤ እንዲያድግበት ብዬ አንድ ቁጥር አስበለጥሁት።

በቹንቾን ከተማ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. ተገኝተው የመረቁት የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል፤ በአቅራቢያውም «ኢትዮጵያ ቤት» የሚሉት ቡና ቤት አለ። ከዚያ አገር የሚመጡ እንግዶች እኛን ሽማግሌዎቹን ሊጠይቁ ሲመጡ፥ ስለ ውጊያው ይጠይቁኛል። እኔ ግን የልጁን ስም እነግራቸዋለሁ፤ ስሙ በአገራቸው እንደ እኛ «ተስፋዬ» የበዛ ነውና፥ በትሕትና ጎንበስ ብለው ዝም ይላሉ።