ከመጀመሪያው ሶፍ ያስወጣነው ልጅ



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጸጉር ነው። ስለ ጸጉር፣ ስለ ጺም፣ ስለ ጀለቢያና ስለ ሱሪ ጫፍ። «ኡስታዝ ሌላ ርእስ አጣ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግን በዚህች ትንሽ በምትመስል ጉዳይ አንድ ልጅ ከመስጂዳችን አስወጥተናል። ነገሩ ዓመት አልፎታል፤ ከውስጣችን ግን አልወጣም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንበል። «እኛ» ብንልም አንድ ሰው ነን። ደሴ ውስጥ የአንዲት ሰፈር መስጂድ ኢማም ረዳት ነን። ሸይኻችን ሲያማቸው እናሰግዳለን፣ ከዐስር በኋላ ልጆች እናቀራለን፣ ሐሙስ ሐሙስ ምንጣፍ እናራግፋለን። ሐሪማ ላይ ስንቀራ ያስቀሩን ሸኽ «እኔ» የሚል ደረሳ አይወዱም ነበር። ኢብሊስ ለአደም አልሰግድም ብሎ እምቢ ሲል «እኔ ከእሱ እበልጣለሁ» ማለቱን እያስታወሱ፣ ቃሏን ከአፋችን ነቀሏት። ምላሳችን እንደዚያው ለምዶ ቀረ። ትሕትናው ከምላስ አልፎ ልብ ደርሶ እንደሆነ ግን ከታች ታያላችሁ።

ልጁ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ከአሊፍ ጀምሮ እኛው ዘንድ የቀራ፣ 20 ጁዝ በቃሉ የያዘ፣ ሲቀራ ሽማግሌዎቹ ሙስበሃቸውን አቁመው የሚያዳምጡት ልጅ። አባቱ የለም፤ እናቱ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችው።

አንድ ቀን መግሪብ ላይ ጸጉሩን ተቆርጦ መጣ። ጎንና ጎኑ ከታች እስከ ቆዳው ወርዶ ወደ ላይ እየወፈረ የሚሄድ፣ ልጆቹ ፌድ የሚሉት ቁርጥ ነው። አናቱ ላይ ጸጉሩ ጉች ብሏል። ከቀኝ ጆሮው በላይ በምላጭ የተሳበች ቀጭን መስመር አለች። መጥቶ የመጀመሪያው ሶፍ ላይ ልክ ከኢማሙ ጀርባ ቆመ። ያን ቀን ሸይኻችን ስኳሩ ተነስቶባቸው የምናሰግደው እኛ ነበርን። «ሶፋችሁን አስተካክሉ» ልንል ዞር ስንል ዐይናችን እሱ ላይ ዐረፈ።

«አንተ! ይሄን የኳስ ተጫዋች ጸጉር ይዘህ ነው ኢማም ኋላ የምትቆመው? ውጣ፣ ወደ ኋላ ሂድ!» አልነው።

ማይኩ ደረታችን ላይ እንደተሰካ ነበር። ድምጻችን በሚናራው ወጥቶ ሻይ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ልጁ ምንም አልመለሰም። በሶፎቹ መሀል አልፎ ጫማውን አነሳና ወጣ። እኛም «አላሁ አክበር» ብለን ወደ ሶላታችን ገባን። የትኛውን ሱራ እንደቀራን ዛሬ አናስታውስም፤ ሙድ እየጠበቅን፣ ድምጻችንን እያሳመርን እንደቀራን ግን እናስታውሳለን።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያን ማታ ደስ ብሎን ነበር። ሱና የጠበቅን መስሎን ሸይኻችንን ልንጠይቅ ቤታቸው ሄድን፤ ነገሩንም እንደ ጀብዱ አወራናቸው። እሳቸው ተጋድመው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙን።

«ማስረጃህ ምንድነው?» አሉ።

ዝግጁ ነበርን። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) የዘገቡት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የያዙት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀዘዕን የከለከሉበት ሐዲስ። ከራስ ከፊሉን ላጭቶ ከፊሉን መተው ማለት ነው።

«ጨርሰው እንጂ። ከዘጋቢዎቹ አንዱ ቀዘዕ ምንድነው ተብሎ ሲጠየቅ ምን አለ?»

ይሄንንም እናውቀዋለን፣ ቡኻሪ ላይ ቀርተነዋል። የግንባር በላዩን ጸጉር ትቶ ሌላው ራስ ላይ ምንም አለማስቀረት ነው ብሏል።

ሸይኻችን ዐይናቸውን ገለጡ። «እሱማ ቁንጮ ነው! አንተ ሐሪማ ስትገባ ቁንጮ አልነበረህም?»

ዝም አልን። ነበረን። በሰባት ዓመታችን አያታችን እጃችንን ይዛ ስትወስደን ራሳችን ዙሪያው ተላጭቶ ከፊት አንዲት ጉንጉን ቁንጮ ነበረችን። ያኔ በገጠሩ የወንድ ልጅ ጸጉር እንዲያ ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን ቁንጮ ያስቀርለታል። የሐሪማው ሸኽ ሲያዩን ሳቅ ብለው በእጃቸው ቁንጮዋን ነካ ነካ አደረጓትና ቆሎ ዘገኑልን። ፋቲሓንና አጫጭሮቹን ሱራዎች ከያዝን በኋላ አንድ ጁሙዓ ጠዋት አስቀምጠው፣ «አሁን አድገሃል» ብለው በገዛ እጃቸው ላጩልን። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ ስለ ጸጉራችን ክፉ አልተናገሩንም።

«ሲመጣ ቁንጮ ያለውን ልጅ ማን አስወጣ?» አሉ ሸይኻችን፣ ወደ ግድግዳው እየዞሩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም፤ ኪታብ ስናገላብጥ አደርን። ኢማሙ ነወዊ ቀዘዕ የተጠላ፣ መክሩህ መሆኑ ላይ ዑለማው እንደተስማሙ ይናገራሉ፤ ሐራም አላሉትም። ስለዛሬው ፌድ ደግሞ የዘመናችን ዑለሞች ይለያያሉ። በምላጭ ያልተላጨ፣ በማሽን ያጠረ ብቻ ከሆነ ቀዘዕ አይባልም የሚሉ አሉ። የጎኑና የአናቱ ልዩነት ጎልቶ ከታየ ይገባበታል የሚሉም አሉ። እኛ ራሳችን ብንጠየቅ ባይቆረጡት ይሻላል እንላለን፤ ዛሬም አቋማችን ይሄው ነው። ግን መክሩህ ለሆነ ነገር ሰው ከሶፍ ማስወጣት ከየትኛው ኪታብ ተገኘ? አላገኘነውም።

ሌላም ነገር አሰብን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸጉር አንዳንዴ እስከ ጆሯቸው ሎቲ፣ አንዳንዴ እስከ ትከሻቸው ይደርስ እንደነበር ሶሐቦች ዘግበዋል። ዛሬ አንድ ጎረምሳ ጸጉሩን ትከሻው ድረስ አስረዝሞ ወደ መስጂዳችን ቢመጣ «ዱርዬ» ነው የምንለው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ደግሞ መጀመሪያ ጸጉራቸውን ወደ ግንባራቸው ይለቁት ነበር፣ በኋላ ግን መሀሉን ይከፍሉት ጀመር። ኢዕቲካፍ ላይ ሆነው ራሳቸውን ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ክፍል ዘንበል ያደርጉላትና ታበጥርላቸው ነበር። የወር አበባ ላይ ሆና እንኳ። መስጂድ ለዒባዳ የተቀመጡ ነቢይ ጸጉራቸው መበጠሩን አልተዉም። እኛ ጋ ግን የተንጨባረረ ጺም የተቅዋ ምልክት መስሎ የሚታየን ጊዜ አለ።

ስለ ልብስ ካነሳን፣ እኛም ከፋሽን ንጹሕ አይደለንም። ሐሪማ ሳለን ልብሳችን ሽርጥና ነጠላ ነበር፤ ትልልቆቹ ሸኾች ጥምጥማቸው ነው። ከተማ ስንገባ ሳዑዲ የሄደች እህታችን ጀለቢያ ላከችልን። ኮሌታ ያለው፣ እጅጌው ላይ በቁልፍ የሚያያዝ፣ የሳዑዲ ስፌት። ሱብሐነላህ፣ ያን ለብሰን የሄድንበት ዒድ! ሽርጥ የለበሱ የሐሪማ ጓደኞቻችንን ስናያቸው ከእኛ ዝቅ ያሉ መሰሉን። በኋላ የኢማራቱ መጣ፣ ኮሌታ የሌለው፣ አንገቱ ላይ ዘርፍ የሚንጠለጠልበት። የሳዑዲውን የለበሰ «ያለፈበት» ተባለ። መስጂድ ውስጥ ነው የምንላችሁ! በዚህ በኩል ልጁ ጸጉሩን ተቆረጠ ብለን እንቆጣለን፣ በዚያ በኩል ደግሞ ለዘንድሮ ዒድ የትኛው አገር ስፌት እንደሚሻል እንከራከራለን።

የሱሪውማ ነገር ያስቃል። ከዓመታት በፊት ወንድሞቻችን ሱሪያቸውን ከቁርጭምጭሚት በላይ ሲያሳጥሩ «ጎርፍ ሊሻገር ነው?» እየተባለ ይሳቅባቸው ነበር። ከዚያ ፋሽኑ ራሱ ሱሪውን አሳጠረው። አሁን ጠባብና አጭር ሱሪ ለብሶ ካልሲ ሳያደርግ የሚሄደው ጎረምሳ ሳያውቀው ከእኛ የበለጠ ከኢስባል ርቋል። እኛን ያስቸገረን ሌላው ነው። ወገቡ ዝቅ ያለው ጅንስና አጭሩ ቲሸርት። ልጁ ሱጁድ ሲወርድ ጀርባው ይገለጣል፤ ጉልበቱ ላይ የተቀደደው ደግሞ ዐውራ ያሳያል። ይሄ የሶላት ጉዳይ ስለሆነ በዝምታ አይታለፍም። ሙአዚናችን የዘየደው መላ ግን ከእኛ ጩኸት ይሻል ነበር፦ የውዱእ ቦታው አጠገብ ሚስማር መትቶ አምስት ሽርጥ ሰቀለ። ማንም ማንንም ሳይናገር የፈለገ አንስቶ ይታጠቃል፣ ሰግዶ ይመልሳል። አንዱ ጠፍቷል፤ አራቱ አሉ።

ዑለሞቻችን ስለ ማማር ሲያስተምሩ የሚጠቅሱት ሐዲስ አለ፣ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) የዘገቡት፣ ሙስሊም የያዙት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልቡ ውስጥ የብናኝ ያህል ኩራት ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ ሲናገሩ አንድ ሰው ተጨንቆ፣ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር ይወዳል እኮ፣ ብሎ ጠየቀ። ማማሩን አልነቀፉበትም፤ አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነገሩት። ኩራት ማለት እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ እንደሆነም አስረዱት። ይሄን ሐዲስ ስንት ጊዜ ለልጆች አስቀርተነዋል! ያን ቀን መግሪብ ላይ ግን ሰውን የናቀው ጸጉር የተቆረጠው ልጅ አልነበረም።

ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ልጁ አልመጣም። «ይመጣል፣ ኩርፊያ ነው» አልን። ሄደን ልንፈልገው አፈርን። ሦስተኛው ወር ላይ እናቱ የመስጂዱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር።

«ኡስታዝ» አለች፣ «ልጄ እኮ ያን ቀን ሥራ የጀመረበት ቀን ነበር።»

ጸጉር ቤት ተቀጥሮ ኖሯል። እዚያ ደግሞ አዲስ ገቢ ልጆች እርስ በርሳቸው ራስ ላይ ነው የሚለማመዱት። ያቺ በምላጭ የተሳበች መስመር የጓደኛው የመጀመሪያ ሙከራ ነበረች። የመጀመሪያዋን ቀን ገንዘቡን ለእናቱ ሰጥቶ፣ «ሹክር ልስገድ» ብሎ ነው የመጣው። ለዚያ ነው ፊት የቆመው።

ከዚያ በኋላም ለመሄድ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሰበባችን ብዙ ነበር፦ ረመዳን ሊገባ ነው፣ ምንጣፍ ይታጠባል፣ ሸይኻችን ሐኪም ቤት ናቸው። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ከዙህር በኋላ ሄድን። ጸጉር ቤቱ ሙሉ ነበር። መስታወቱ ላይ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ተለጥፏል። ልጁ ሲያየን ማሽኑን አጠፋ፣ ከዚያ መልሶ አበራው። ወረፋ ያዝን። ተራችን ሲደርስ ወንበሩን በፎጣ ጠረገልን።

«ምን ላድርግልዎ ኡስታዝ?»

በማይክ የተናገርነውን በሹክሹክታ ይቅርታ መጠየቅ አይሆንም ብለን መንገድ ላይ ወስነን ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጨርቁ አንገታችን ላይ ታስሮ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየነው፣ «በደልንህ። አላህ ፊት የያዝከውን ቦታ አስለቀቅንህ። ዐፉ በለን» አልነው። ድምጻችን ተቆራረጠ። የሚጠብቁት ልጆች ስልካቸውን ትተው አዩን።

ልጁ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ማበጠሪያውን ሲያጸዳ ቆየ። ከዚያ እጁን አገጫችን ላይ አድርጎ ራሳችንን ቀና አደረገውና፦

«ኡስታዝ፣ ራስዎን አያንቀሳቅሱ» አለ።

ጺማችንን በመቀስ አስተካከለልን፣ ሪዛችንን አሳጠረልን፣ አንገታችን ላይ አልኮል ሲያደርግ አቃጠለን። ገንዘብ ስንሰጠው ግማሹን መለሰልን። «የደረሳ ዋጋ ነው» አለ፤ ፈገግ ያለ ይመስላል፣ እርግጠኛ አይደለንም።

አሁን የሚሰግደው ሌላ መስጂድ ነው፣ ለሥራው የሚቀርበው። እዚያ ተራዊሕ ላይ እንዳስቀሩት ሰምተናል፤ 30ውን ጁዝ ጨርሷል ይላሉ። ወደ እኛ አልተመለሰም፣ እኛም ና ብለን አልጠየቅነውም። በየሦስት ሳምንቱ ሰኞ ከዙህር በኋላ ግን ወረፋ ይዘን እንቀመጣለን። ባለፈው ጊዜ መቀሱን አስቀምጦ ማሽኑን አነሳና በመስታወቱ ውስጥ እያየን፣ «ኡስታዝ፣ ጎኑን ትንሽ ቀነስ ላድርገው?» አለን። ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኛም ሳቅን፣ ግን «ቁጥር 3፣ ዙሪያውን እኩል» አልነው።