ሕፃን ሽማግሌ አይሁን

ስለ ባልና ሚስት ጠብ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዱላና ስለ ስድብ ይጽፋል። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ዱላም ስድብም ያልነበረበትን ጠብ ነው። ነገሩ በገዛ ቤታችን የደረሰ ስለ ሆነ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገንም፤ ነገር ግን ለመጻፍ ድፍረት እስክናገኝ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናል።

የምንኖርበት ሲናና፥ በባሌ ደጋ ከሮቤ ከተማ ዙሪያ የሚገኝ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ያለውን የእርሻ ወራት በኦሮምኛ «ገና»፥ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ደግሞ «ቦና» ይለዋል። በአንድ ዓመት የቦናው ስንዴ ከገባ በኋላ፥ ባለቤታችንን ሳናማክር 10 ኩንታሉን ሮቤ ወስደን ሸጥንና ገንዘቡን ለወንድማችን አበደርን። በእኛ ግምት ወንድምን መርዳት ምክር የሚጠየቅበት ጉዳይ አልነበረም። ስንዴውን ግን ያረመችውም የጠበቀችውም እርሷ ነበረችና ነገሩ ከነከናት፤ ቅሬታዋንም ነገረችን። እኛም ጥፋታችንን ከማመን ይልቅ ዝም ማለትን መረጥን። እርሷም ዝም አለች። ዝምታው ሦስት ቀን ሆነው፤ ቀጥሎም ሳምንት ሞላው።

በዚያ ሳምንት በቤታችን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሷም የ7 ዓመት ልጃችን ናት። «ለእናትሽ ንገሪያት፥ ነገ ጎባ እሄዳለሁ» ስንላት ወደ ማድ ቤት ትሮጣለች። «ለአባትሽ ንገሪ፥ ዱቄት አልቋል» ስትባል ተመልሳ ትመጣለች። አንድ ቀን ማታ፥ ከሰነቴ የሚወርደው ብርድ በጠናበት ሰዓት፥ «እራት አልፈልግም በያት» ብለን ላክናት። ማድ ቤቱ ቅርብ ነበርና የተናገረችውን ሰማን። «እማዬ፥ አባዬ አላህ እጅሽን ይባርክ፥ ዛሬ ደክሞኛል፥ ነገ እበላለሁ ብሏል» አለቻት። ጥቂት ቆይታም ወደ እኛ ተመለሰችና «እማዬ ብርድ ነው፥ ጋቢ ደርብ ብላሃለች» አለችን። ይህንንም ቃል ባለቤታችን እንዳልተናገረችው ዐወቅን።

በማግሥቱ ነገሩን በሰፈራችን ለሚኖሩ አንድ አረጋዊ ሼኽ አጫወትናቸው። የልጃችንን ብልህነት ያደንቃሉ ብለን ነበር።

«ከተኳረፋችሁ ስንት ቀን ሆናችሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ስምንት ቀን» አልናቸው።

«ነቢዩ ሙሐመድ ሰው ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዲያኮርፍ አልፈቀዱም። ለወንድምህ 10 ኩንታል ስንዴ አወጣህለት፤ ሚስትህ ከወንድም ታንሳለችን?» አሉን። መልስ አጣን። እርሳቸውም ቀጥለው፥ «ሰዎችን ለማስታረቅ ብሎ በጎ ቃል የሚያቀብል ሰው ውሸታም እንደማይባል ነቢዩ አስተምረዋል፤ ስለዚህ ልጅህ አልዋሸችም። ይህ ፈቃድ ግን የተሰጠው ለአስታራቂ ነው። ልጄ፥ ይህችን ሕፃን አስታራቂ ያደረጋት ማን ነው?» አሉን።

ይህ ጥያቄ እስከ ቤታችን ተከተለን። ቁርዓን በኒሳእ ምዕራፍ፥ በ35ኛው አንቀጽ፥ በባልና በሚስት መካከል መለያየት ሲያሰጋ አንድ ሽማግሌ ከእርሱ ወገን፥ አንድ ሽማግሌም ከእርሷ ወገን እንዲላክ ያዛል። ልጅ ግን ከሁለቱም ወገን ነው። ለአባቱ ቢያደላ እናቱን ያጣል፤ ለእናቱ ቢያደላ አባቱን ያጣል። ስለዚህ አዋቂ ሽማግሌ በግልጽ የሚሠራውን ሥራ፥ ሕፃኑ ቃል እያለዘበና ፊት እያየ በስውር ይሠራዋል።

የአገራችንም ወግ ከዚህ የራቀ አይደለም። የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ስንቄ የተባለውን በትር ትሰጣታለች። ባል ሚስቱን ቢበድል፥ ይልቁንም በወለደች ሰሞን እጁን ቢያነሣባት፥ ሴቶች ስንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን አምኖ እንዲክስ ይደረጋል። ሃይማኖቱም ወጉም የቤትን ሸክም በአዋቂ ትከሻ ላይ አኖሩት። እኛ ግን አንሥተን በሕፃን ትከሻ ላይ ጫንነው።

የጥፋታችንንም ሥር በበቀራ ምዕራፍ፥ በ233ኛው አንቀጽ አገኘነው። በዚያ ስፍራ አባትና እናት ሕፃኑን ጡት ለማስጣል ሲያስቡ ተማክረውና ተስማምተው እንዲያደርጉት ተነግሯል። ጡት ማስጣል እንኳ ምክር የሚያሻው ከሆነ፥ የዓመት ቀለብ ያለ ምክር ሊሸጥ እንዴት ይገባል? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1111 ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ፥ «ኢሕያእ ዑሉም አድ ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው ልጅን በወላጆቹ እጅ ያለ አደራ ይሉታል፤ ልቡም የቀረጹበትን ሁሉ ይቀበላል ይላሉ። እኛ በልጃችን ልብ ላይ የቀረጽነው፥ የሰው ቍጣ በእርሷ ብልሃት እንደሚበርድና ባይበርድም ጥፋቱ የእርሷ እንደሚሆን ነው።

የነቢዩን ቤት ኑሮ ካስተላለፉልን ሰዎች አንዱ አነስ ኢብን ማሊክ፥ ለአገልግሎት ወደዚያ ቤት የገባው የ10 ዓመት ያህል ልጅ ሳለ ነው። ካስተላለፋቸውም ነገሮች አንዱ የተሰበረው ሳህን ታሪክ ነው። ከነቢዩ ባለቤቶች አንዷ በቅናት ተነሣሥታ፥ ሌላዋ ምግብ የላከችበትን ሳህን ሰበረች። ነቢዩም ስብርባሪውንና ምግቡን በእጃቸው ሰበሰቡ፤ በቦታው ለነበሩትም ቅናት ይዟት እንደ ሆነ ተናገሩላት፤ በተሰበረውም ፈንታ ደኅናውን ሳህን ላኩ። እንግዲህ በዚያም ቤት ሳህን ተሰብሯል። ስብርባሪውን የለቀሙት ግን የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ናቸው። በእኛ ቤት የለቀመችው የ7 ዓመት ልጅ ናት።

በዚያ ማታ መልእክተኛ ሳንልክ በእግራችን ወደ ማድ ቤት ሄድን። ልጃችን እየሰማች፥ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳልነግርሽ መሸጥ አልነበረብኝም» አልን። ባለቤታችንም፥ «ለወንድምህ መስጠትህ አልከፋኝም፤ እንደ ባዕድ መቈጠሬ ነው የከፋኝ» አለች። እራታችንን በአንድ ገበታ በላን።

ዕርቁ በአንድ ማታ አለቀ። የልጅቱ ልማድ ግን በአንድ ማታ አልለቀቃትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ካለፉም በኋላ፥ ሥራ አድክሞን ወይም ሐሳብ ይዞን ጥቂት ዝም ስንል፥ ቀስ ብላ ከአጠገባችን ትቆምና «አባዬ፥ ለእማዬ ምን ልበላት?» ትለን ነበር።

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት የሰው ጉዳይ የምትመለከቱ ወገኖቻችን፥ ማንንም የማያስቀይም፥ ሁልጊዜ የሰው ፊት የሚያነብ ሕፃን ስታዩ ጨዋነቱን ብቻ አድንቃችሁ አትለፉት፤ ማንን ከማን እያስታረቀ እንደሚኖር ጠይቁ። እኛም ለልጃችን ጥያቄ የሚሆን መልስ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘነው፤ «ምንም አትበያት ልጄ፤ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» ብለን መነሣት ነው።