ከመርሳ በላይ ያለው ነጭ ቦታ

መርሳን መጀመሪያ ያየኋት በእግሬ ሳልደርስባት፣ ከ693 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቤቴ ተቀምጬ፣ ሴንቲኔል 1 የተባለችው የአውሮፓ የራዳር ሳተላይት የላከችውን ምስል ኮምፒውተሬ ላይ ዘርግቼ ነበር። ምስሉ ቀለም የለውም። ጥቁር፣ ነጭና አመድማ ብቻ ነው፤ ላዩም ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። የከተማዋ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ቦግ ብለው ይታያሉ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ ተራራው ሽቅብ በሚነሳበት በኩል ደግሞ አንድ ሰፊ ነጭ ቦታ አለ። በራዳር ምስል ላይ ደን ከሜዳ ይልቅ ይነጣል። «መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ማንም ያልነገረኝ ደን አለ» አልኩና ምስሉን ወረቀት ላይ አትሜ በእስክሪብቶ ከበብኩት። ልቤ እዚያው ቀረ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ተነሳሁ።

ራዳር እንደ ካሜራ የፀሐይን ብርሃን አይጠብቅም። የራሱን ሞገድ ወደ ምድር ይልክና የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። ጨለማ አይከለክለውም፣ ደመና አይጋርደውም። ለወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ምድሩ በጣም የሚለመልምበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰማዩ ተዘግቶ ስለሚከርም፣ ካሜራ የያዘ ሳተላይት የሚያየው የደመናውን ጀርባ ነው። ከጉዞዬ በኋላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የሀገራችን የመጀመሪያ ሳተላይትም ባለ ካሜራ ነበረች። ሴንቲኔል ግን ክረምት ከበጋ፣ ንጋትና ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ታልፋለች፤ ምስሏንም ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ትሰጣለች።

ደሴ አድሬ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ ወረድኩ። ኪሴ ባለው ምስል ላይ ሐይቁ ጥቁር ነው። ነፋስ ያልነካው ውሃ እንደ መስተዋት ነው፤ ሞገዱን ወደ ማዶ ያንሸራትተዋል እንጂ ወደ ላኪው አይመልሰውም። ዳርና ዳር ላይ የበቀለው ፊላ ደግሞ ነጭ ጥልፍ ሆኖ ይታያል። ሞገዱ መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ የፊላውን አገዳ መትቶ በመጣበት ይመለሳል። በዚሁ ጠባይ ነው ጃፓኖች በራዳር ሳተላይቶቻቸው የዓለምን የባሕር ዳርቻ ደኖች፣ ሥራቸውን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተክለው የሚያድጉትን ማንግሮቮች ለማጥናት የረዱት። እዚህ ሐይቅ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። ዳርቻ ይሸሻል፣ ይመለሳልም። ፊላው መካከል ቆሜ ውሃው ያላስተጋባውን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ከዚያ ቦታ መላቀቅ አቃተኝ።

ውጫሌንና ውርጌሳን በሌላ ሚኒባስ አለፍኩ። መርሳ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከደሴ ብርድ ለወጣ ሰው የመርሳ ሙቀት እንደ እቅፍ ነው። ማንጎው፣ ከማሳ የሚገባው የማሽላ ጭነት፣ ሰላምታው የማያልቀው ሰው፤ ወሎን ያልወደደ መርሳ ላይ ይወድዳል።

በማግስቱ ወደ ተራራው የመሩኝ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። የሱብሂን ሶላት ሰግደው፣ ዱላቸውን ይዘው ደጃፌ ደረሱ። ገና አልነጋም። ከላያችን በዚያው ሰዓት ገደማ ሴንቲኔል ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደምትወርድ ነገርኳቸው። ቀና ብለው ሰማዩን አዩና «እንግዲያ እሷም ማልዳ ተነሺ ናት» አሉ።

ሁለት ሰዓት ያህል ወጣን። የከበብኩት ቦታ ላይ ስንደርስ ደን አልነበረም። ድንጋይ፣ የተናደ እርከን፣ እዚህም እዚያም ክትክታና አጋም ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ አገላበጥኩት። ቦታው አልተሳተም፤ ጂፒኤሱም ያንኑ ይላል። አዛውንቱ ዝምታዬን አይተው «ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ።

«ደን፣ አባቴ። እዚህ ደን መኖር ነበረበት።»

«አብሽር» አሉኝ፤ ዱላቸውንም ወደ ፀሐይ መውጫ ዘረጉ። «ይኼ ተራራ ፊቱ ወደዚያ ነው። ጧት ፀሐይ አስቀድማ የምታየው እሱን ነው። ዱሩ ከጀርባው ነው።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የምስሉን ነገር ሳያውቁት ፈቱልኝ። ሳተላይቷ ሁልጊዜ የምታየው ወደ ቀኟ ነው። ጧት ወደ ደቡብ ስትወርድ ቀኟ ምዕራብ ስለሆነ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠ ተራራ ሞገዱን በደረቱ ይቀበላል። ማሚቶውንም አጉልቶ ይመልሳል፤ ርቀቱም ታጥፎ ስለሚታይ ረጅሙ ዳገት በጠባብ ቦታ ተጨምቆ ይነጣል። እኔ በደን የተረጎምኩት ንጣት የዳገቱ ፊት ነበር። ሜዳ ላይ ራዳር ደንን በቀላሉ ይለያል። እንደ ሀብሩ ያለ፣ ቆላውን ከደጋ የሚለይ ግድግዳ ላይ ግን ከዛፉ በፊት ተራራው ይናገራል።

ጫፉን ዞረን ወደ ምዕራብ ወደሚያዘነብለው ሸለቆ ስንወርድ አየሩ ተለወጠ። መጀመሪያ የሽታ ለውጥ ነበር፤ እርጥብ ቅጠልና የወይራ ቅርፊት። ከዚያ ጥላ። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ጽድ፣ ከታች ክትክታው ገጥሞ። ወረቀቴ ላይ ይህ ሸለቆ ጥቁር ስንጥቅ ነው፤ ከሳተላይቷ ፊቱን ያዞረ። «በ77 ይኼ ሁሉ ራቁቱን ነበር» አሉኝ። «ስንዴና ዘይት እየተሰፈረልን እርከን ሠራን። ከዚያ ከብት እንዳይገባ ተከለከለ፤ ዛፉም ራሱ መጣ። በ83 ግርግር ፊት ለፊት ያለው ተቆረጠ። ይቺ ከመንገድ ስለማትታይ ተረፈች።»

ከመንገድ ስለማትታይ ተረፈች። መጥረቢያ ያላያትን ሸለቆ ሳተላይትም አላያትም ነበር።

20 በ20 ሜትር መሬት በገመድ ከልለን መለካት ጀመርን። እያንዳንዱ ግንድ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ደረት ላይ ይለካል፤ ቁመቱም በመሣሪያ ይወሰዳል። አዛውንቱ ሜትሩን ያዙልኝ፤ ዛፉን ሁሉ በስሙ ጠሩልኝ። ስሙ ለልኬቱ የግድ ነው። የእንጨቱ ክብደት እንደ ዘሩ ይለያያል፤ እኩል የሚወፍሩ ዋንዛና ወይራ ክብደታቸው እኩል አይደለም። «ዋንዛ ለትከሻ ይቀላል፤ ወይራ ሁለት ሰው ይፈልጋል» አሉ። ውፍረት፣ ቁመትና የእንጨት ክብደት በቀመር ገብተው የዛፉን ደረቅ ክብደት ይሰጣሉ፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ካርቦን ነው። ራዳሩ ቁጥሩን የሚማረው ከእንዲህ ያለ ገመድ ውስጥ ነው። ካልተማረ ማሚቶው ማሚቶ ሆኖ ይቀራል።

«ይኼ ደን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ባጸደቀችው ትርጉም ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን ያለው መሬት ደን ነው። ይህን ትርጉም እወደዋለሁ፤ እንዲህ ያለውን ገና የሚያገግም ቁጥቋጦ አይጥልም። እርሳቸው ግን ሌላ መለኪያ ነበራቸው፦ «ፍየል ገብታ ከጠፋችህ፣ ዱር ነው።»

የሴንቲኔል ሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቅጠልና ቀንበጥ ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ ደኑ ጥቅጥቅ ካለ ግንዱን ሳይነካ ይመለሳል። የጃፓኖቹ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሞገድ ቅጠሉን አልፎ ቅርንጫፍና ግንድ ይደርሳል። ያን ቀን ወይራው ሥር ሆኜ ከዚህም የሚረዝም ሞገድ ተመኘሁ፤ ምኞቱ ከዓመታት በኋላ ደረሰ። ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጊያና የመጠቀችው ባዮማስ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚሆን ሞገድ ግንድ ድረስ ትዘልቃለች፤ 12 ሜትር የሚሰፋ አንቴናም ዘርግታለች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 23 የአሜሪካና የሕንድ ኒሳር ተከተለቻት። በየ12 ቀኑ ወደዚያው ቦታ ትመለሳለች።

አመሻሽ ላይ በሲሪንቃ በኩል ወልዲያ ገባሁ፤ ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሆቴሉ መስኮት ሥር ባጃጆች ይጠራራሉ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ያልነካሁትን ምስል፣ የምሽቱን፣ አወጣሁ። ምሽት ላይ ሳተላይቷ ወደ ሰሜን ስትወጣ ቀኟ ምሥራቅ ነው፤ ጧት ጀርባውን የሰጣትን ታያለች። የመሬቱን ከፍታ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የካቲት ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር ከለካችው ካርታ ወስጄ የዳገቱን ንጣት ከሁለቱም ምስሎች ቀነስኩ። የዓመቱን ምስሎች ደርቤ ሳማክላቸው ጨው መሳዩ ነቁጥ ረገፈ።

የከበብኩት ነጭ ቦታ ደበዘዘ፤ አመድማ ሆነ። ከጀርባው፣ ጥቁር ስንጥቅ በነበረው ሸለቆ ውስጥ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ አለ። አቀረብኩት። እያንዳንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ በገመድ የከለልነው መሬት አራት ነጥብ ያህል ይሆናል። ቆጥሬ አገኘኋቸው። ከአራቱ በአንዱ ውስጥ አዛውንቱ ሜትሩን የጠመጠሙባት ወይራ አለች።