ወደ ጌዶ፦ አባቴ ያድሩበት የነበረው ቤት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አልፎ ጌዶ የሚገባውን የምዕራብ ሸዋ መንገድ፣ ማልዶ የተነሣ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ደርሶ መልሱን ሦስት ቀን ፈጀሁበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ለመነሣት ብቻ ዓመታት ፈጅቼበታለሁ፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የመርካቶ ነጋዴ ነበሩ። ጨውና አቡጀዲ ይዘው ወደ ጌዶ ይሄዱና ማርና ኑግ ገዝተው ይመለሱ ነበር። የሚያድሩት ከገበያው ወረድ ብሎ ባለ የአንድ ገበሬ ቤት ነው። ሰውየው የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩ፤ አባቴ ሃያ ዓመት ያህል በቤታቸው በእንግድነት አድረዋል። በ1983 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእኚሁ ሰው ሁለት ፈረሱላ ማር በዱቤ ወሰዱ። አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ያህል ነውና ቀላል ዕቃ አልነበረም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ፤ አባቴም መንገዱን ፈርተው ቀሩ። ክረምቱን ደግሞ ታመው እግራቸው ከቤት ታሰረ። ገንዘቡን በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ላኩት። ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ገንዘቡ ይድረስ አይድረስ ሳያውቁ ኖሩ።

"ሂድና ጠይቅልኝ" ብለው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነግረውኛል። ሁለቱንም ጊዜ "ኢንሻአላህ" አልኳቸው። ይህን ታላቅ ቃል ለ"አይመቸኝም" መሸፈኛ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። በ2010 ዓ.ም. ሕመሙ ሲጠናባቸው ከአልጋው አጠገብ አስጠርተው "ደርሶ ከሆነ አልሐምዱ ሊላህ፤ ካልደረሰ ግን ባንገቴ ነው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦላቸው፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ እንዳልሰገዱበት በቡኻሪ ተዘግቧል። ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ እንደሚከፈልም ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከወንድሞቼ ጋር ተመካክረን የሁለት ፈረሱላ ማር የወቅቱን ዋጋ አወጣን። በድሮው ዋጋ እንክፈል ብንል አንድ ማሰሮ ማር እንኳ አይገዛምና ሕሊናችን እምቢ አለን።

የተነሣሁት በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነው። ወሩን የመረጥኩት በአባቴ ብልሃት ነው። በአገራችን ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው። (የመጽሐፉ ሰዎች እርድን በተመለከተ ዑለሞች ስላሉት እዚህ አልገባም፤ የማወራው ስለ ማዕድ ነው።) አንድ ጊዜ የጌዶው ባለቤት ለአባቴ ክብር ዶሮ ገዝተው በአባቴ እጅ አሳረዱ። አባቴ ለብቻቸው ሲበሉ ቤተሰቡ በሙሉ ተቀምጦ ያያቸው ነበር። የአንድ ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ለብቻ መብላት ምን ያህል እንደሚከብድ እየሳቁ ይነግሩን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚሄዱት በክርስቲያኖች ጾም ወራት ሆነ፤ በጾመ ነቢያት ወይም በዐቢይ ጾም። ያን ጊዜ ቤቱ ሽሮና ተልባ ስለሚበላ እንግዳውም ባለቤቱም ከአንድ መሶብ ይቆርሳሉ፤ ማንም ማንንም አያሳፍርም።

ወደ ምዕራብ ባቡር የለም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ከዚያ አልተሻገረም፤ አዲሱም መስመር የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። የሩሲያ መንገደኛ ከሞስኮ እስከ ቭላዲቮስቶክ 9,289 ኪሎ ሜትር በባቡር አልጋ ላይ እየተኛ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ሳምንት ያህል ይጓዛል። የእኛ መንገደኛ በሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱን አገጩ ሥር አስገብቶ ነው የሚሄደው። ሆኖም እንዲያ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ዝም ማለት አይቻልምና፣ ከአስኮ ወጥተን ቡራዩን እንዳለፍን ከአጠገቤ የተቀመጡት የጊንጪ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆንኩና ለምን እንደምሄድ አውቀው ጨርሰዋል።

ሆለታ በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ከተማ ናት። አዲስ ዓለምን ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ዋና ከተማ ሊያደርጓት ጀምረው ትተዋታል፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ጊንጪ ስንደርስ ሽማግሌው በመስኮቱ እያሳዩኝ "በ2008 ኅዳር የተማሪዎቹ ተቃውሞ የተነሣው እዚህ ነው" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ሲወርዱ ግን የሚኒባሱን በር ይዘው "ገንዘቡን አንቀበልም ቢሉህ አትጣላቸው" ብለው መከሩኝ።

አምቦ የደረስኩት ከዐስር በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዣለሁና ዙህርንና ዐስርን አሳጥሬ፣ አንድ ላይ ሰገድኩ። ለጌዶ የሚነሣ መኪና በዚያ ሰዓት አልነበረም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ሰዉ ግን አምቦነቷን አልተወም። ሁሉቃ ወንዝ ያቋርጣታል፤ ፍል ውኃዋን ፈልጎ የሚመጣ ሰው አሁንም አለ። ጠርሙሱን በየከተማው የምናውቀው ውኃ የሚታሸገው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሰንቀሌ በተባለው ቦታ ነው።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ በመስጂዱ ደጃፍ ማደሪያ ስጠይቅ ሁለት ሰዎች ክርክር ገጠሙ፤ አንደኛው ልብስ ሰፊ ነው፣ ሌላው ባለ ሱቅ። እያንዳንዱ "እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው" አለ። ኢብን በጡጣ በ14ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ ላዚቅ ከተማ ሲገባ የገጠመው ትዝ አለኝ። ሁለት የወጣት ማኅበራት የፈረሱን ልጓም ይዘው ተጣሉ፤ ቢላ እስከ መማዘዝ ደረሱ። ሊዘርፉት የመጡ መስሎት እጅግ ፈርቶ ነበር። ኋላ ግን ጠባቸው ማን ያስተናግደው በሚል እንደሆነ ተረዳ፤ በዕጣም ተለያዩ። የአምቦዎቹ ቢላ አልመዘዙም። ባለ ሱቁ እራት አበላኝ፤ ልብስ ሰፊው አሳደረኝ። ልብስ ሰፊው ከቀሚሶቹና ከሱሪዎቹ መካከል ፍራሽ እያነጠፈ "እኛ እዚህ ጥቂት ነን፤ እንግዳ ሲመጣ እንበዛለን" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጉደርን አለፍኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን በወይን ጠርሙስ ላይ የሚያውቁት ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን ወደ ዓባይ በሚገባው ወንዙ እንወቀው። ከዚህ አገር በስተሰሜን ምዕራብ፣ በጉዱሩ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አሰንዳቦ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። የሰሜን ሙስሊም ነጋዴዎች ዓባይን እየተሻገሩ ይመጡበት ነበር። በሰሜኑ አገር "ነጋዴ" ማለት "እስላም" ማለት እስኪመስል ድረስ ሁለቱ ቃላት የተዋሰቡት በእነዚህ መንገደኞች ምክንያት ነው። ያለ ሆቴልና ያለ ባንክ ይህን ሁሉ አገር ያቋረጡት በየመንገዱ የሚያሳድራቸው ሰው ስለነበረ ነው። ብዙው አሳዳሪም ሙስሊም አልነበረም።

ጌዶ ከፍ ያለችና ብርዳማ ናት፤ ወደ ፊንጫ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። የያዝኩት ምልክት የባለቤቱ ስምና "ከገበያው በታች ያለች ወይራ" የሚል ብቻ ነበር። ወይራዋ ተቆርጣለች። ስሙን ስጠራ ግን አንድ ልጅ እጄን ይዞ አደረሰኝ።

ባለቤቱ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤታቸው፣ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት፣ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የልጅ ልጃቸው ጋር ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። የአባቴን ስም ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ፊቴን ሲዳስሱ ቆይተው "በጋ ነጋን ዱፍቴ" አሉኝ፤ እንኳን በሰላም መጣህ ማለታቸው ነው። አማርኛ ስለማይቀናቸው የልጅ ልጃቸው አስተረጎመን። አባቴ ግን ኦሮምኛቸው የአገሬው እንደነበረ ያን ጊዜ ሰማሁ። እቤት ውስጥ አንድም ቀን ሲናገሩት አልሰማኋቸውም።

እስክጠይቅ አልጠበቁም። ልጁን በማንቆርቆሪያ ውኃ አስመጡና ከጎተራው አጠገብ ያለውን ጥግ በእጃቸው እያመለከቱ "አባትህ እዚያ ነበር፤ ፊቱን ወደዚያ ያዞር ነበር" አሉ። በስልኬ አረጋገጥኩ፤ ቂብላው ወደዚያው ወደ ሰሜን ነው። ሰገድኩ። ስጨርስ ሽሮው ቀርቦ ነበር፤ ከሽሮው ጋር ብርዝም መጣ። "ጠላ አይደለም፤ አልፈላም" አለኝ ልጁ፤ አያቱ እንዲነግረኝ አዘውት።

ከምሳ በኋላ ነገሩን አነሣሁ። ልጁ ገና ተርጉሞ ሳይጨርስ "ደርሷል" አሉ።

"መቼ ደረሰ እማማ?"

"ያኔ።"

"ማን አመጣው?"

"ሾፌር ነው ያመጣው።"

"ስንት ነበር?"

"አባትህ የላከው ያህል።"

ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም ወደ ልጁ። እርሱ በ1983 አልተወለደም። ሾፌር የሚለውን ቃል ደግሞ እኔው ራሴ ቀድሜ ተናግሬዋለሁ። እውነታቸውን ይሁን፣ የሙት ልጅ ላለማሳዘን ይሁን ልለይ አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልለየሁም። ገንዘቡን አውጥቼ መሶቡ ላይ አስቀመጥኩ። እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ አስገብተው "የተከፈለ ሁለት ጊዜ አይከፈልም" አሉ። የጊንጪው ሽማግሌ ምክር ትዝ ቢለኝም ተከራከርኩ። በሃይማኖታችን የሟች ዕዳ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ባለ መብቱ ይቅር ካለ ግን እንደሚወርድ አስረዳሁ። "እንግዲያስ ይቅር ብያለሁ ይበሉልኝ" አልኳቸው።

"የሌለ ዕዳ እንዴት ይቅር ይባላል?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቁን ተዉት። ልጁን እንዲቆም አዘዙትና ሁለት ጎረቤቶች አስጠሩ፤ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ። በእነዚህ ፊት "ደርሶም ከሆነ፣ ሳይደርስ ቀርቶም ከሆነ፣ እኔም ልጆቼም ከዚያ ሰው ላይ የምንፈልገው የለም። እግዜር ይስማ" አሉ። ሽማግሌው "ሰምተናል" አሉ።

እዚያው አደርኩ፤ ከልጁ ጋር በውጪው ክፍል ተኛን። ሌሊቱን ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሥራ እጦት፣ ስለ መንገዱ ፀጥታ አወጋን። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋ በነበረው ግጭት ያ መንገድ ለመንገደኛ ብዙ ጊዜ አስቸግሯል፤ ከልጁ ጋር የምንጠያየቀውም በስልክ ነው። ጉዞውን አንድ ዓመት እንኳ ባዘገየው ኖሮ ሳልሄድ እቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

በመመለሻዬ አምቦ ላይ አንድ ኡስታዝ ጠየቅኩ። ባለ መብቶቹ በምስክር ፊት ይቅር ካሉ ዕዳው ወርዷል፣ ገንዘቡን በአባትህ ስም ሰደቃ አድርገው አሉኝ፤ እንዲሁም አደረግን።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ጠዋት ልሰናበት ስል አሮጊቷ በቅጠል የተከደነ ማሰሮ በእጄ አስጨበጡኝ። ማር ነው። "ይህስ በዱቤ ነው?" አልኩ። ልጁ ተረጎመ። እማማ በሳቅ ፍርስ አሉና አንድ ነገር ተናገሩ፤ እርሱም እየሳቀ "ለእናትህ ነው፤ ማሰሮውን ግን መልስ ብላለች" አለኝ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ በጉልበቴና በአገጬ መካከል ይዤው መጣሁ። ማሩ ወዲያው አለቀ። ማሰሮው እናቴ መደርደሪያ ላይ ነው።